አንድ ደብተር፣ ብዙ መስኮት

የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ጠርዙ የተጠቀለለ፣ ሽፋኑ ዘይት የጠጣ፣ እስክሪብቶ በክር የታሰረበት። ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር መዘዝ ያደርገዋል፣ የእናንተን ቤት ገጽ ይገልጣል፣ “ስኳር 1 ኪሎ” ብሎ ይጽፋል፣ መልሶ ቦታው ይወረውረዋል። እሱ ምሳ ሲሄድ ሚስቱ ትቀመጣለች፤ የምትጽፈው እዚያው ደብተር ላይ ነው። ማታ ልጁ ሲተካም እንደዚያው። የሚሸጠው ሰው ሦስት ነው፣ ደብተሩ ግን አንድ።

ጣጣው የሚመጣው ሰው ሲበዛና ደብተሩ ሲርቅ ነው። ባለሱቁ “ኋላ እገለብጠዋለሁ” ብሎ የሲጋራ ካርቶን ቀዶ እላዩ ላይ ይጽፋል። ካርቶኑ ላይ አንድ ሒሳብ፣ ደብተሩ ላይ ሌላ ሒሳብ። ከዚያ በወሩ መጨረሻ “ከፍያለሁ”፣ “አልከፈልሽም” ይጀመራል። ከሁለቱ አንዳቸውም አልዋሹም። ካርቶኑም ቢሆን የተጻፈበት ሰዓት እውነቱን ነበር፤ ጊዜ አለፈበት እንጂ።

እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ እንጀራዬም የስልክ አፕ መሥራት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ሰው ሁሉ ቀላል ነው ብሎ የሚያልፈው ነገር አለ፦ ዳታቤዝ ውስጥ ያለን አንድ መረጃ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ገጽ ላይ ማሳየት። ትምህርቱን በቪዲዮ የጀመረ ሁሉ በሁለተኛው ሳምንት ይደርስበታል። “ከዚህኛው ገጽ ወደዚያኛው ገጽ ዳታውን እንዴት ላሻግረው?” ብሎ ይጠይቃል፣ አንድ መንገድ ያገኛል፣ ይሠራለታል፣ ያልፋል። ነገሩ የኮድ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። የሰው ስም ጉዳይ መሆኑን ያየሁት ግን አሞራ ገደል ነው።

አሞራ ገደልን ለማታውቁት፣ ሐይቁ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ ነው። ጠዋት ጀልባ ሲገባ ቆሮሶውና አምባዛው ከመረቡ ይራገፋል። ልጆች ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ቆዳ ይገፋሉ። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ቆመው የሚጣልላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ። እንግዳ ሰው ፎቶ ያነሣል። እኔ የማውቃቸው ዓሣ ጠባሾች ግን ለፎቶ ጊዜ የላቸውም። ጠዋት ዓሣውን በዱቤ ይወስዳሉ፣ ቀን ጠብሰው ይሸጣሉ፣ ማታ ይከፍላሉ። በነጋታው ዓሣ የሚያገኙት የትናንቱ ከተዘጋ ነው። ስለዚህ እዚያ ሰፈር “ከፍላለች” የሚለው ቃል ምስክርነት ብቻ ሳይሆን የነገ እንጀራ ነው።

አንድ ዓሣ አከፋፋይ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ዱቤውን የሚይዝ አፕ ሌላ ልጅ ሠርቶላቸው ነበር። ልጁ ሥራ አግኝቶ ከተማ ቀይሯል። አፑ ሲታይ ያምራል፤ ቀለሙ ደስ ይላል፣ ጥግ ላይ ትንሽ ዓሣ ተሥሏል። ሦስት ገጽ አለው። የመጀመሪያው የደንበኞች ዝርዝር ነው፤ ስም፣ ከጎኑ ቀሪ ዕዳ። ስሙን ስትነኩት ሁለተኛው ገጽ ይከፈታል፤ ሰውየው ምን ወሰደ፣ ምን ከፈለ። ሦስተኛው የቀኑ ድምር ነው። ስልኩ አንድ ነው፤ ማታ ሠራተኛው ጋ ይቆያል፣ ጎህ ሲቀድ ጋሼ ይረከቡታል።

አንድ ምሽት አንዲት ዓሣ ጠባሽ መጥታ ያለባትን 1,800 ብር ለሠራተኛው ከፈለች። እሱም ስሟን ነካ፣ ገጿን ከፈተ፣ ክፍያውን መዘገበ። ገጿ ላይ ቀሪው 0 ሆነ፣ አሳያት፣ ሄደች። በማግስቱ ሠራተኛው ልቅሶ ደርሶበት አልመጣም። ጋሼ ስልኩን ሲከፍቱ ዝርዝሩ ላይ ከስሟ ጎን 1,800 አለ። እሷ ሳፋዋን ይዛ ስትደርስ፣ “የትናንቱ አልተዘጋም” አሏት።

“ኧረ ጋሼ፣ ማታ ከፍያለሁ!”

“ይኸው እዪው። ስልክ ይዋሻል እንዴ?”

ስልኩን አዞሩላት። ቁጥሩን ትንሽ አየችውና፣ “ስልኩ እኮ የእርስዎ ነው ጋሼ” አለች። ባዶ ሳፋዋን ይዛ ተመለሰች። ከሰሉ ተገዝቷል፣ ዘይቱ ተገዝቷል፣ ምድጃው ግን ያን ቀን አልተለኮሰም።

በሁለተኛው ቀን የባሰው መጣ። የስልኩ ባትሪ ሞተ፣ ቻርጅ ተደርጎ ሲበራ የሴትዮዋ ዕዳ 0 ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ደነገጡ። ትናንት 1,800 የነበረ ቁጥር ማንም ሳይከፍል እንዴት ይጠፋል? አንድ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ማን? ስልኩን ከእሳቸው ሌላ የሚይዘው ሠራተኛው ብቻ ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ ቀጣፊ ተብላ፣ ልጁ ደግሞ ሌባ ሊባል አንድ ቃል ነው የቀረው። እኔ የተጠራሁት በዚህ መሀል ነው። “ልጄ፣ ማን እንደነካው አውጪልኝ” ነው ያሉኝ።

የነካው ሰው አልነበረም። ከውስጥ የሆነው ይሄ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ሲከፈት ከዳታቤዙ አንድ ጊዜ ያነብና ዝርዝሩን በራሱ ሚሞሪ ይይዛል። ስም ሲነካ የዚያን ሰው መረጃ በሙሉ፣ ስሙን፣ ስልኩን፣ ዕዳውን፣ ልክ እንደ ስንቅ ቋጥሮ ለሁለተኛው ገጽ ያስይዘዋል። ሁለተኛው ገጽ ክፍያ ሲመዘገብ ዳታቤዙ ላይ በትክክል ይጽፋል፣ የራሱንም ቋጠሮ ያስተካክላል። ለመጀመሪያው ገጽ ግን የነገረው የለም። ወደ ኋላ ሲመለሱ የሚታየው ያው የጠዋቱ ዝርዝር ነው። ሦስተኛው ገጽም ድምሩን አንዴ ደምሮ ይዞታል። ስለዚህ አንዲት ሴት አራት ሆናለች፦ አንዷ ዳታቤዙ ውስጥ፣ ሦስቷ በየገጹ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለችው ከፍላለች። ዝርዝሩ ላይ ያለችው አልከፈለችም።

አንድሮይድ ደግሞ ስልኩ ስለተቆለፈ ብቻ አፑን አይዘጋውም። ሚሞሪው ከበቃው ከነገጹ ከጀርባ ያቆየዋል። ሌሊቱን ሙሉ ያ ዝርዝር እንዳለ አደረ። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ አፑ እንደ አዲስ ተነሣ፣ ዳታቤዙን እንደ አዲስ አነበበ፣ እውነቱን አሳየ። “ዘግተህ ክፈተው” የሚለው የአገራችን የኤሌክትሮኒክስ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ካርቶኑን ጥሎ ወደ ደብተሩ መመለስ ማለት ነው።

ዳታቤዙን ስከፍተው ክፍያው ከነሰዓቱ ተቀምጧል፤ ማታ 12፡40። ሴትዮዋም በባዶ እጇ አልመጣችም። ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ልጇ በባዮሎጂ ደብተሯ የኋላ ገጾች ላይ የእናቷን ሒሳብ ትይዛለች፤ ቀን፣ የተወሰደ፣ የተከፈለ። ከአፑ ጋር መስመር በመስመር አነጻጸርነው፤ አንድም የሳተ የለም። ጋሼ ይቅርታ በቃል አልጠየቁም። በማግስቱ ዓሣው ሲከፈል ግን መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ነበረች።

እዚህ ላይ ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ ነገሩን በሐይቁ ላስረዳ። ታቦር ተራራ ላይ ብትወጡ ሐይቁ ከዳር ዳር ይታያችኋል። ፍቅር ሐይቅ መንገዱ ላይ ብትቀመጡ የዛፍ ጥላና ትንሽ ውሃ ታያላችሁ። አሞራ ገደል ከሆናችሁ ጀልባና አባ ኮዳ ነው። ሦስት ዓይነት እይታ፣ አንድ ሐይቅ። ክረምት ሲበረታና ጥቁር ውሃ ሞልቶ ሲገባበት ውሃው ለሦስታችሁም ነው ከፍ የሚለው፤ ማንም ለማንም መልእክት መላክ አያስፈልገውም። አሁን ደግሞ ሆቴል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሐይቁን ፎቶ አስቡ። ያምራል፣ እውነትም ነበር። ውሃው ግን ፎቶው ውስጥ ከፍ አይልም። ገጽ ሁሉ መስኮት ወይም ፎቶ ነው። የጋሼ አፕ ሦስቱም ገጾች ፎቶ ነበሩ፣ ሰው ግን እንደ መስኮት ነበር የሚያያቸው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1970 አይቢኤም ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃን እርስ በርስ በሚዛመዱ ሠንጠረዦች ስለማስቀመጥ ጻፈ። ከዚያ ሥራ የወጣው ትምህርት ባጭሩ፣ አንድ ነገር አንድ ቦታ ይጻፍ የሚል ነው። የሴትዮዋ ስልክ ቁጥር አሥር ቦታ ከተጻፈ፣ የቀየረች ቀን ዘጠኙ ይሳሳታሉ። በ1979 ደግሞ ትሪግቬ ሬንስካውግ የተባለ ኖርዌያዊ፣ አሜሪካ ዜሮክስ የምርምር ማዕከል እንግዳ ሆኖ ሳለ፣ ነገሩን ራሱንና የሚታይበትን ገጽ ለዩ አለ። ዕዳው አንድ ነው፤ ዝርዝር፣ ሠንጠረዥ፣ ግራፍ ግን ዕዳውን የማያ መንገዶች ናቸው። በ2000 ሪቻርድ ሂፕ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ በሚሠራ ሶፍትዌር ላይ ሳለ ኤስኪውላይት የተባለውን ትንሽ ዳታቤዝ ጻፈ፤ ለማንም በነፃ ለቀቀው። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ፣ አንድሮይድም ሆነ አይፎን፣ ይህ ዳታቤዝ አለው። የጋሼ ዱቤም የተቀመጠው እሱ ውስጥ፣ በአንዲት ፋይል ነው። በ2017 ጎግል ሩም የተባለውን መሣሪያ ለአንድሮይድ ሠሪዎች አወጣ። የሩም ትልቁ ጥቅሙ ገጾች ዳታቤዙን አንድ ጊዜ አንብበው እንዳይሄዱ፣ ይልቁንም ቆመው እንዲያዩ ማድረጉ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈ እንደሆነ ያንን ሠንጠረዥ የሚያዩ ገጾች ሁሉ አዲሱን ይቀበላሉ።

ጥገናው ይህንኑ ነበር የተከተለው። መጀመሪያ ቋጠሮውን አስቀረሁት። አንዱ ገጽ ለሌላው የሚያስይዘው የሰውየውን መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ “47 ቁጥርን ክፈት”፣ በቃ። ሁለተኛው ገጽ 47 ማን እንደሆነና ስንት እንዳለበት ራሱ ዳታቤዙን ይጠይቃል። ቀጥሎ ሦስቱም ገጾች ዳታቤዙን ቆመው እንዲያዩ አደረግኩ። ክፍያ ሲመዘገብ የተከፈተው ገጽ ወዲያው ይለወጣል፣ ከኋላ ያለውም ሲመለሱበት አዲሱን ይዞ ይጠብቃል። በመጨረሻ “ቀሪ ዕዳ” የሚባለውን የተጻፈ ቁጥር ከነጭራሹ አጠፋሁት። ቀሪ የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ የተወሰደው ሲደመር፣ የተከፈለው ሲቀነስ የሚገኝ ነው። የሚሰላ ነገር ከተጻፈ ሁለተኛ ደብተር ሆነ ማለት ነው።

አንድ የሥራ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። “ምን ይሄን ሁሉ አደከመሽ? ወደ ዝርዝሩ ሲመለስ እንደገና አንብቢው፣ አለቀ።” እውነት ነው፣ ለሦስት ገጽ ያልቃል። አራተኛው ገጽ ሲጨመርም ምናልባት ታስታውሳላችሁ። ሰባተኛውን የሚጨምረው ግን ሌላ ሰው ነው፣ እናንተ ያኔ ከተማ ቀይራችኋል፣ “ሲመለስ እንደገና አንብብ” የሚለውን ሕግ የሚያውቅ የለም። ሕጉ በሰው ትዝታ ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ መቀመጥ አለበት።

ሌላው የሚዘወተር መፍትሔ ዝርዝሩን ሁሉም ገጽ የሚደርስበት አንድ የጋራ ቦታ ላይ፣ ሚሞሪ ውስጥ መስቀል ነው። ይሄም ከቋጠሮው ይሻላል፤ ቢያንስ ገጾቹ እርስ በርስ አይጣሉም። ነገር ግን ሚሞሪ ታማኝ ጎተራ አይደለም። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚይዘው ትንሽ ራም ያለው ስልክ ነው። ስልክ ሲደወል፣ ካሜራ ሲከፈት፣ ቴሌግራም ቪዲዮ ሲያወርድ፣ አንድሮይድ ቦታ ለማግኘት ከጀርባ ያለውን አፕ ይገድለዋል። ያኔ ሚሞሪ ላይ የተሰቀለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ የሚተርፈው ፋይሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ቋጠሮውም ቢሆን ልክ አለው። አንድሮይድ በገጾች መካከል እንዲህ ለሚተላለፍ ነገር የመደበው ቦታ ጠቅላላው 1 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ አንድ ጥሩ ፎቶ ብቻውን ይበልጠዋል። መለያ ቁጥር ግን ከጥቂት ባይት አይዘልም።

ይህን ጥበብ እኛ አገር ከስልክ በፊት በወረቀት የሠሩት አሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ በ2003 ከተጀመረ በኋላ የገጠር ጤና ኬላዎች የቤተሰብ ፎልደር የሚባል አሠራር መጣላቸው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ፎልደር አለ። ላዩ ላይ ስለ ቤቱ ይጻፋል፣ ውሃው፣ ሽንት ቤቱ። ውስጡ የየሰዉ የጤና ካርድ ይቀመጣል። እስከዚህ ድረስ ዝርዝር ማለት ነው። ግን ሠራተኛዋ ሌላም ጥያቄ አለባት፦ በዚህ ወር ክትባት ያለበት ሕፃን ማነው? ክትትል ያላት ነፍሰ ጡርስ? አምስት መቶ ፎልደር አገላብጣ አትጨርሰውም። ለዚህ በወራት የተከፋፈለ ሳጥን አላት። ቀጠሮ ያለበት ሰው ካርዱ ከፎልደሩ ወጥቶ የቀጠሮው ወር ክፍል ውስጥ ይገባል። ሲመጣ አገልግሎቱ እዚያው ካርድ ላይ ይጻፍና ካርዱ ወደሚቀጥለው ቀጠሮ ወር ይዛወራል። ወሩ አልቆ ክፍሉ ውስጥ የቀረ ካርድ ካለ፣ ያ ሰው አልመጣም ማለት ነው፤ ቤቱ ድረስ ይኬዳል።

ልብ በሉልኝ፣ ካርዱ ይዛወራል እንጂ አይገለበጥም። ፎልደሩ በቤተሰብ፣ ሳጥኑ በወር ያሳያል፤ የሚታየው ግን ያው አንድ ካርድ ነው። ሕፃኑ ተከትቦ ሳለ ሳጥኑ “አልተከተበም” ሊል አይችልም፣ ምክንያቱም ሳጥኑ የራሱ ሕፃን የለውም። እ.ኤ.አ ከ2018 ገደማ ጀምሮ ይህ ሥራ ወደ ታብሌት መግባት ጀመረ፤ የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ይባላል፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይመዘግባል። ፈተናው ደግሞ የት ላይ መጣ? ወረቀቱም ታብሌቱም ጎን ለጎን በሚሞሉበት ቦታ። አንዲት ሠራተኛ አንድን ሕፃን ሁለት ጊዜ ትጽፋለች፣ አንድ ቀን ሲደክማት አንዱን ትተወዋለች። ማሽኑ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ሁለት ደብተር ሁለት ደብተር ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። አፑ ሲስተካከል ደስ አላቸውና ወዲያው ሁለተኛ ጥያቄ አመጡ፦ “እንግዲያው በእኔም ስልክ፣ በልጁም ስልክ ይግባልና።” ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መስኮት ግን የሚሠራው ስልኩ ጠርዝ ድረስ ነው። ሁለት ስልክ ማለት ሁለት ፋይል ነው። አሞራ ገደል ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ዓሣው ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ሁለቱም ስልኮች ለየብቻቸው መመዝገብ አለባቸው። እዚህ ላይ ኮፒን ማምለጥ አይቻልም። የሚቻለው ምን ኮፒ እንደሚደረግ መምረጥ ነው።

ስልኮቹ ለእርስ በርሳቸው “ቀሪዋ 1,800 ነው” እየተባባሉ የሚላላኩ ከሆነ ኋላ የደረሰው የፊተኛውን ይሰርዛል። ልጁ 500 ተቀበለ፣ ጋሼ በሌላው ስልክ 300 ተቀበሉ፤ አንዱ “1,300” ይላል፣ አንዱ “1,500” ይላል። የትኛውም ቢያሸንፍ አንድ ክፍያ ጠፋ። ስለዚህ የሚላከው ቀሪው ሳይሆን የሆነው ነገር ነው፦ “500 ከፈለች”፣ “300 ከፈለች”። ሁለቱ መስመሮች በየትኛውም ቅደም ተከተል ይድረሱ፣ ሲደመሩ ያው 800 ነው፣ የሚቀረውም 1,000። እያንዳንዱ መስመር የማይደገም መለያ አለው፤ ኔትወርኩ ተቆራርጦ አንዱ መስመር ሁለት ጊዜ ቢደርስ እንኳን አንዴ ብቻ ይቆጠራል። ስሕተት ከተጻፈም አይፋቅም፤ የሚያርመው መስመር ከሥሩ ይጨመራል። ጥሩ የዕድር ጸሐፊ መዝገብ ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው፤ ሰርዞ ይፈርማል እንጂ ገጹን አይቀድም።

ሠራተኛው ብዙ ተናጋሪ ልጅ አይደለም። ስሙ ሊነሣ የነበረበትን ጉዳይ ማንም ፊት ለፊት አልነገረውም፣ እሱ ግን ያውቃል። ሥራውን ስጨርስ መጥቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ “ከእያንዳንዱ ክፍያ ጎን ሰዓቱና የመዘገበው ሰው ስም ይውጣልኝ።” መረጃው ድሮም በከፊል ነበር፤ ሰዓቱ ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው እሱን የሚያሳይ መስኮት ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ጥያቄው ተቀየረብኝ። እስከዚያ ድረስ የማስበው ገጾቹ እርስ በርስ እንዲስማሙ ብቻ ነበር። ገጾች ተስማምተው ሰው ሊበደል ይችላል፤ ምክንያቱም ሦስቱም ገጾች የጋሼ ናቸው። “ስልኩ እኮ የእርስዎ ነው” ማለቷ ይሄው ነው። በዚያ ሁሉ ዳታ ውስጥ ስሟ አለ፣ ዕዳዋ አለ፣ ክፍያዋ አለ፤ እሷ የምታይበት አንድም ገጽ የለም። ያቺ ልጅ በባዮሎጂ ደብተሯ የሠራችው አራተኛውን ገጽ ነበር።

ስለዚህ ለጋሼ ሐሳብ አቀረብኩ፦ ክፍያ በተመዘገበ ቁጥር ለከፋዩ አጭር ቴክስት ይሂድ፤ ይህን ያህል ተቀብለናል፣ ቀሪው ይህን ያህል ነው።

“ለዚህ ሁሉ ሰው? በየቀኑ? ካርዱን ማን ይሞላል?”

“ያን ቀን ምድጃዋ ሳይለኮስ የዋለውንስ ማን ከፈለ ጋሼ?”

ዝም አሉ። ከዚያ ተደራደርን። ዓሣ ሲወሰድ አይላክም፤ ሲከፈል ብቻ ይላካል። ሴትዮዋ ስትሰማ የልጇን ቁጥር አስመዘገበች። “እኔ ጋ ከመጣ እሳት ዳር ነው የምውለው፣ ሳላየው ይቀራል። እሷ ትያዘው” አለች። ልጅቱ ግን ደብተሩን አልተወችም። እኔም እንድትተወው አልነገርኳትም። ቴክስቱ የሚወጣው ከጋሼ መዝገብ ነው፤ መዝገቡን የሚጠይቅ ሌላ እጅ ያስፈልጋል።

ይህን ከማሰብ የተረፈኝን ለእናንተ፣ በተለይ አሁን አፕ መሥራት ለጀመራችሁት፣ ልተውላችሁ። አስተማሪው ሁሉ “ኮፒ አታብዙ” ይላል፤ ምክንያቱን ሲነግራችሁ ግን ኮዱ እንዳይዝረከረክ ነው ይላል። ዝርክርክ ኮድስ ይጸዳል። ሁለት ገጽ ሲለያይ በመሀላቸው የሚፈጠረው ክፍተት ግን አንድ ሰው ላይ ይወድቃል፣ የሚወድቀውም ሁሌ ስክሪኑን በያዘው ላይ አይደለም። ባንኮኒ ፊት የቆመው ላይ ነው፤ ካርዱ ጠፋ የተባለችው እናት ላይ፣ “ሲስተሙ አያሳይም” የተባለው ተማሪ ላይ፣ ማታ ከፍላ ጠዋት ባለዕዳ የሆነችው ላይ። ሰው ማሽንን ከደሃ ቃል አስበልጦ ያምናል። እናንተ የምትሠሩት ይህን እምነት ይዞ የሚቆም ነገር ነው።

እናም አዲስ ገጽ ስትጨምሩ ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህ ገጽ የሚያየው አሁን ያለውን ነው ወይስ ቅድም የነበረውን? ይህን ከመለሳችሁ በኋላ ደግሞ፣ ስሙ እዚህ ገጽ ላይ ተጽፎ ገጹን ራሱን የማያየው ሰው ማነው? የመጀመሪያውን ሩምም ሆነ ሌላ መሣሪያ ይፈታላችኋል። ሁለተኛውን የሚፈታላችሁ መሣሪያ የለም፤ ሄዳችሁ ያን ሰው መጠየቅ ነው።